«ተፈጥሮዋ ነው» እያልን የቆየንበት አመት፦ የእታለም ጉዳይ

አክስቴ ሰግዳ ስትጨርስ ሁሌ የምታደርጋት አንዲት ዱአ አለች። «ያረቢ፣ ከኔ አስቀድማት።» ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማት ስላደግኩ እንደ አሚን ነበር የምቆጥራት፣ ምን ማለት እንደሆነች ቆም ብዬ ያሰብኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ልጄን ከኔ በፊት ውሰድልኝ ነው የምትለው። ክፋት እንዳይመስላችሁ፣ እኔ ከሞትኩ ማን ያጥባታል፣ ማን ያበላታል ከሚል ነው፣ የአእምሮ ውስንነት ያለበት ልጅ ካላቸው እናቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ቤት፣ ስንቴ ሰምቼዋለሁ መሰላችሁ። እና ከሶስት አመት በፊት ያቺ ዱአ ልትሰምር ትንሽ ነበር የቀራት፣ ቢሰምር ደግሞ አላህ ሰምቶ ሳይሆን እኛ ሰንፈን ነበር የሚሆነው።

የልጇን ስም አልጽፍም፣ ቤት ውስጥ እታለም ነው የምንላት፣ ጎረቤቱም እንደዛው ነው የሚላት። ሐይቅ የምትባለው ደሴ አጠገብ ያለች ከተማ ነው የሚኖሩት፣ እኔ ኮምቦልቻ መድሀኒት ቤት ነው የምሰራው፣ ፋርማሲስት ነኝ፣ ይሄን ያዙልኝ ምክንያቱም በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ቦታ ላይ ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አክስቴን ልጻፈው ወይ ብዬ ጠይቄያታለሁ፣ «ፎቶዋን እንዳትለጥፍ እንጂ ጻፍ፣ ምን ቸገረኝ» ብላኛለች።

እታለም የ77 ልጅ ናት። ወሎ ውስጥ 77 ካልኩ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አክስቴ ያኔ 41 አመቷ ነበር፣ የመጨረሻ ልጇ ናት። ዳውን ሲንድረም አለባት፣ ስሙን ግን ቤተሰቡ የሰማው እታለም ሀያ ምናምን አመት ከሆናት በኋላ ነው፣ እስከዛ ድረስ በቃ «የዋህ» ነበረች። ነገሩ ቀላል ነው፣ ሰው 46 ክሮሞዞም ሲኖረው እሷ 47 አላት፣ 21ኛው ሁለት መሆን ሲገባው ሶስት ነው፣ ይሄን እነ ሌዠን የተባሉ የፈረንሳይ ሀኪሞች እ.ኤ.አ በ1959 ነው ያሳወቁት። የእናት እድሜ ሲገፋ እድሉ ይጨምራል፣ በ25 አመቷ የምትወልድ ሴት ከ1,200 ወሊድ አንድ ገደማ ከሆነ 40 ላይ ስትደርስ ከ100 አንድ ይጠጋል። አክስቴ ግን እስከዛሬ እርጉዝ ሆና እህል ስላልቀመሰች ነው የሚመስላት። አይደለም ብዬ ነግሬያታለሁ፣ አትሰማኝም፣ ያንን አመት ያየ ሰው ሁሉን ነገር ለዛ አመት ነው የሚሰጠው።

በዛው ሰሞን፣ እ.ኤ.አ 1983 ላይ፣ አሜሪካን በሚያህል አገር እንኳን ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ሰዎች የሞት አማካይ እድሜ 25 ነበር። ግማሾቹ 25 ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር ማለት ነው። 1997 ላይ 49 ደረሰ፣ ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮች 60 አካባቢ ነው። በአስራ አራት አመት ውስጥ 24 አመት ጨመረ፣ ክሮሞዞሙ ግን ያው ነው፣ ማንም አልነካውም። የተለወጠው የሰዉ አያያዝ ነው። ግማሽ የሚሆኑት ሲወለዱ ልባቸው ላይ ችግር ይዘው ነው የሚወለዱት፣ ድሮ «እነሱን ደግሞ ምን ልብ ያስጠግናል» ይባል የነበረው ቀርቶ እንደማንኛውም ህጻን ኦፕራሲዮን መደረግ ጀመሩ፣ ሳንባ ምች ሲይዛቸው መድሀኒት ተሰጣቸው፣ ከተጣሉበት ግቢ ወጥተው ቤተሰብ ጋ አደጉ። በቃ ይሄው ነው ሚስጥሩ።

እታለም ልቧ ደህና ሆኖ ተወለደች፣ እሱ እድል ነው። ቤት ውስጥ ስራ አላት፣ ያለ ስራ አልኖረችም። የአክስቴ ቤት ቡና በቀን ሶስቴ ነው የሚፈላው፣ ሲኒ የምታጥበው እሷ ናት፣ ቡናው ተቆልቶ ሲጨስ ምጣዱን ይዛ ለሰው ሁሉ የምታሸተው እሷ ናት፣ አንድ ሰው ጭሱን ወደራሱ ሳይስብ ካለፈ ተመልሳ ትመጣበታለች፣ ሳታሸት አትለቅህም። እንግዳ ሲመጣ ጫማውን ደርድራ ታስቀምጥና ሲወጣ ማንንም ሳትጠይቅ የራሱን አምጥታ ትሰጠዋለች፣ አርባ ሰው የተቀመጠበት ለቅሶ ቤት ላይ አንድም ሳትሳሳት ስታድል አይቻለሁ። እኔ አንዴ የሰው ጫማ አድርጌ ደሴ ድረስ ሄጃለሁ፣ ስለዚህ ማን የአእምሮ ውስንነት እንዳለበት እንጃ።

እንግዲህ ነገሩ የጀመረው ከጦርነቱ በኋላ ነው። 2014 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ደሴ ስትያዝ ሰዉ ወደ ደብረ ብርሃን ሲተም አክስቴ «እኔ ሐይቅን ለቅቄ የትም አልሄድም» ብላ ቀረች፣ ከባድ መሳሪያ ሲጮህ እታለም አልጋ ስር ነበር የምትገባው። ከዛ ወራት አለፈና በረመዳን ሰሞን ሄጄ ሳያት ቀዝቅዛለች። ምጣዱን ሌላ ሰው ነው የያዘው። እሷ ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንባ ተቀምጣለች፣ ሚያዝያ ነው እኮ፣ ሐይቅ በጠራራ ጸሀይ። ትተኛለች አሉኝ፣ ቀንም ትተኛለች። ፊቷ አብጧል፣ ወፍራለች፣ ግን ምግብ አትበላም። ቆዳዋ እንደ ደረቀ አሻቦ የሚፈረፈር ነገር ሆኗል። በሳምንት አንዴ ነው የምትወጣው አለችኝ አክስቴ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሽንት ቤት ማለቷ ነው።

ሁሉም ሰው የየራሱ መልስ ነበረው። «ጦርነቱ አስደንግጧት ነው» የሚለው የብዙ ሰው ነበር፣ የኔም ጭምር። አንዷ ጎረቤት ጅኒ ነው ስላለች እታለም ሼኽ ጋ ተወሰደች፣ ተቀራላት። መስከረም 21 ግሸን የሄደችው ክርስቲያኗ ጎረቤታችን ደግሞ በሃይላንድ ጸበል ይዛላት መጣች፣ አክስቴም ቢስሚላህ ብላ አጠጣቻት፣ ወሎ ነው ምን ይደረግ። በዚህ ሁሉ ላይ ቅሬታ የለኝም፣ ማንም ቢያንስ «ታማለች» ብሎ ነው ያሰበው። ቅሬታዬ ከዛ በኋላ ባለው ነው።

ጤና ጣቢያ ተወሰደች። ደም ተወስዶ ታይፎይድ ተባለ፣ ያው እኛ አገር ታይፎይድ ያልተባለ ማን አለ፣ ሲፕሮ የሚባለው አንቲባዮቲክ ተሰጣት። ለውጥ የለም። ከወር በኋላ ሌላ ቦታ፣ አንድ የግል ክሊኒክ። እዛ ያለው ሀኪም ፊቷን አየ፣ ወንድሟን ቀና ብሎ አየውና «ዳውን ናት አይደል? ያው ተፈጥሮዋ ነው፣ እነዚህ ቶሎ ነው የሚያረጁት» አለው። አልዳሰሳትም። ከዛ ለድብርት ብሎ አሚትሪፕቲሊን ጻፈላት። ወረቀቱ እኔ ጋ መጣ፣ እኔው ነኝ በእጄ ቆጥሬ በፖስታ አድርጌ የላክሁላት። ይቺ የመጀመሪያዋ ጥፋቴ ናት። አሚትሪፕቲሊን ያስተኛል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ይሄን እኔ ለማንም መንገደኛ ደንበኛ የምናገረው ነገር ነው፣ ቀኑን ሙሉ ለምትተኛና ሆዷ ለደረቀ ሰው እንዴት እሰጣለሁ? ግን የአክስቴ ልጅ ስለሆነች ጠየቅኩ ወይ? አልጠየቅኩም። «ተፈጥሮዋ ነው» የሚለው ቃል እኔም ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ተደላድሎ ነበር።

እሱን ከወሰደች በኋላ ባሰባት፣ ቆማ መሄድ እስኪያቅታት። አንድ ሌሊት ሆዷ ተነፍቶ ስትቃትት አድራ ባጃጅ ውስጥ አስተኝተው ወስደዋት ነው ሆዷ በቧንቧ የተነፈሰላት። እኔ የሰማሁት በሶስተኛው ቀን ነው።

ማን ነቃ ብትሉኝ፣ ጅዳ ያለችው እህቷ ናት። እታለም በየጁምአው ለእህቷ በኢሞ የድምጽ መልእክት ትልካለች፣ ሁሌም አንድ አይነት ነው፣ «አብሽሪ እቴ፣ ሽቶ ላኪልኝ!»፣ ቀጭን ድምጽ ነው ያላት፣ የህጻን አይነት። 2015 ሰኔ ላይ እህቷ ደወለችልኝና «ማነው በእታለም ስልክ የሚቀልድብኝ?» አለችኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት መልእክቱን ላከችልኝ። ሰማሁት። ቃሉ ያው ነው፣ አብሽሪ እቴ ሽቶ ላኪልኝ፣ ድምጹ ግን የሽማግሌ ነው፣ የጎረነነ፣ የሚጎተት፣ ቃላቱ አፏ ውስጥ የተጣበቁ። እዛው ቤት ያሉት በየቀኑ ስለሚሰሟት አልታወቃቸውም። እኔ ባንኮኒው ላይ ቆሜ ሶስቴ ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ ተቀመጥኩ። ብርድ፣ እንቅልፍ፣ ሆድ ድርቀት፣ ደረቅ ቆዳ፣ ያበጠ ፊት፣ የጎረነነ ድምጽ። ይሄን ዝርዝር እኮ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ! አንድ ሌላ ሴትዮ መጥታ ይሄን ብትነግረኝ በሁለተኛው ምልክት ላይ ታይሮይድሽን፣ አንገትሽ ላይ ያለችውን የእንቅርት እጢ፣ ተመርመሪ ነበር የምላት።

ፈረንጆቹ ለዚህ ስም ካወጡለት ቆይቷል፣ ከ1982 ጀምሮ ማለት ነው በነሱ አቆጣጠር፣ ሰውየው የአእምሮ ውስንነት ካለበት ሀኪሙ ሌላውን ህመም ሁሉ ከሱ ጋ አያይዞት ያልፋል ነው ነገሩ፣ ትልቁ ጥላ ትንሹን ይሸፍነዋል። እንግሊዞች ደግሞ የሞቱትን አንድ በአንድ ቆጥረው መርምረዋል፣ እ.ኤ.አ በ2013 የወጣው የመጀመሪያው ትልቅ ምርመራ የአእምሮ ውስንነት ያለባቸው ወንዶች ከሌላው ሰው በ13 አመት፣ ሴቶቹ በ20 አመት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳየ። ከዛ በኋላ በየአመቱ እየመረመሩ ነው፣ በ2021 ከሞቱት ውስጥ 49 ከመቶው ሊድን ይችል የነበረ ሞት ነው ብለዋል፣ በጠቅላላው ህዝብ ውስጥ 22 ከመቶ ነው። ሳንባ ምች፣ ምግብ ታንቆ፣ የሚጥል በሽታ፣ ሆድ ድርቀት ሳይቀር። አዎ ሆድ ድርቀት ሰው ይገድላል፣ የእታለምን ያቺን ሌሊት ሳስብ አሁን ነው የሚያንቀጠቅጠኝ። ይሄ እንግዲህ ነጻ ህክምና ያለበት አገር ነው። እኛ ሰፈር በልጅነቴ እንደ እታለም ያሉ ሌሎች ሁለት ልጆች ነበሩ፣ አንዱ የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ ምድጃ ላይ ወድቆ በቃጠሎው ሞተ፣ የሱ መድሀኒት ፌኖባርቢታል እኮ መደርደሪያዬ ላይ ካሉት መድሀኒቶች ሁሉ በዋጋ ከታችኞቹ ናት። ሌላኛዋ በምን እንደሞተች የጠየቀም የለም፣ «አረፈች» ነው የተባለው።

ወደ ምርመራው ልመለስ። ቲኤስኤች የምትባለዋን የታይሮይድ ምርመራ የሚሰራ ላቦራቶሪ ደሴ አገኘን፣ የግል ነው፣ ጤና መድህኑ እዛ አይሰራም በኪሳችን ከፈልን። ችግሩ ደም መውሰዱ ነበር። ከዚህ በፊት በተወሰደባት ጊዜ አራት ሰው ነው የያዛት፣ ጮሀ ጮሀ ነው የጨረሰችው፣ ነጭ ጋወን ስታይ ትሸሻለች። ስለዚህ አክስቴ መላ ዘየደች። ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ጨዋታ ሆነ፣ የእታለም ወንድም ልጅ፣ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበረች፣ በሻሽ ክንዷን ታስርላትና በእስክሪብቶ ጫፍ ነካ ታደርጋታለች፣ ከዛ ጥጥ ትይዛለች፣ ከዛ ከረሜላ። ቀኑ ሲደርስ ላቦራቶሪው ውስጥ መጀመሪያ የ79 አመቷ አክስቴ እጅጌዋን ሰብስባ ተቀመጠችና «እኔን ቅዳኝ ልጄ» አለችው። ልጁ ግራ ገብቶት «ማዘር ትእዛዙ ለሷ ነው» ሲላት «ስምህን አላህ ያሳምረውና ቅዳኝ አልኩህ» አለችው። ተቀዳች። እታለም እያየች ነው። ቀጥላ ራሷ መጥታ ተቀመጠች፣ ክንዷን ዘረጋች፣ መርፌው ሲገባ ፊቷን ወደ ልጁ አዙራ በዛ በጎረነነ ድምጿ «አብሽር» አለችው። እሷ እሱን ታጽናናዋለች። ልጁ መርፌውን አውጥቶ ጥጡን ራሷ እንድትይዘው ሰጣት፣ ከደሴ ወጥተን ሐይቅ እስክንመለስ አልለቀቀችውም።

ውጤቱ በማግስቱ መጣ። ደህና ሰው ላይ ቲኤስኤች ከ0.4 እስከ 4 ምናምን ነው የሚሆነው፣ የሷ ማሽኑ መቁጠር አቅቶት ከ100 በላይ ብሎ ነው የተወው። የእንቅርት እጢዋ ስራ አቁሟል፣ አንጎል ደግሞ ስሪ ስሪ እያለ ይጮህበታል፣ ቲኤስኤች የሚባለው ያ ጩኸት ነው። ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ ይሄ ከሌላው በጣም የበዛ ነው፣ የራሳቸው የሰውነት መከላከያ እጢውን ያጠቃዋል፣ ለዛ ነው በየአመቱ ካልሆነም በየሁለት አመቱ ይመርመሩ የሚባለው። ህመም ባይኖርም። እታለም በ38 አመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የተመረመረችው።

ጎረቤት ውጤቱን ሲሰማ «ጨው ነው» አለ፣ ባቲ ገበያ ከአፋር የሚመጣው አዮዲን የሌለበት ጨው። ይሄኛው ግምት እንኳን መሰረት አለው፣ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ከተጀመረ በኋላ የአሰብ አዮዲን ያለው ጨው ሲቋረጥ አገሩ ሁሉ የአፋር ጨው ነበር የሚበላው፣ ጨው ላይ አዮዲን ይጨመር የሚለው ደንብ 2003 ላይ እስኪወጣ ብዙ ደገኛ አንገቱ ላይ እንቅርት አውጥቷል፣ እርጉዝ ሴት አዮዲን ካጣች ደግሞ የልጁ አእምሮ ነው የሚጎዳው። ግን የእታለም ከዛ አይደለም፣ የሷ ቤት ሰው ሁሉ ያንኑ ጨው በልቶ ደህና ነው።

ደሴ ያገኘናት ሀኪም፣ ወጣት ናት፣ መጀመሪያ ልቧን በአልትራሳውንድ አሳየች፣ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ የቀዘቀዘ ሰውነት ላይ ሆርሞኑን በአንዴ ብትለቅበት ልብ አይችለውም። ደህና ነው ተባለ። ሊቮታይሮክሲን፣ እጢዋ ማምረት ያቆመችው ሆርሞን በኪኒን ማለት ነው፣ በትንሹ ተጀመረ፣ 50 ማይክሮግራሟን ኪኒን ለሁለት ከፍሎ ግማሿን፣ ከዛ ሙሉዋን። አሚትሪፕቲሊኑን አስጣለችን። ለእታለም ራሷ ነው ያወራቻት፣ «አንገትሽ ላይ ያለችው ተኝታለች፣ ይቺ ትቀሰቅሳታለች» ብላ ጣቷን ጉሮሮዋ ላይ ነካ አደረገቻት። ከሀኪሞቹ ሁሉ እሷን ያናገራት የመጀመሪያዋ ሰው ናት፣ ሌላው ሁሉ «ምን ትላለች?» እያለ ከጎኗ ያለውን ሰው ነበር የሚጠይቀው።

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እንድንመለስ ተቀጠርን። ነሐሴ ላይ ግን መንገዱም ኢንተርኔቱም ተዘጋ፣ ጥቅምት 2016 ነው ደሴ መድረስ የቻልነው። ውጤቱ፣ 80 ምናምን። ምንም ማለት ይቻላል አልወረደም። እታለምም ያው ናት። መጠኑ ወደ 75 አደገ፣ ሌላ ሁለት ወር፣ አሁንም 70ዎቹ ውስጥ። ሀኪሟ «በደንብ ትወስዳለች?» ትለኛለች፣ «አንድም ቀን አልዘለለችም» እላታለሁ፣ እውነትም ነው አክስቴ ቆጥራ ነው የምትሰጣት። ወደ 100 እናሳድገው ሲባል አንድ ጁምአ ሄጄ አደርኩ።

ጠዋት ነው። ከሰሉ ተያይዟል፣ እጣኑ ጨሷል፣ አቦሉ ወረደ። አክስቴ ለእታለም ሲኒ ቀዳችላት፣ ስኳሩን ጨመረች፣ አማሰለች፣ ከዛ ከሻሿ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ኪኒኗን አወጣችና በማንኪያው ላይ አድርጋ «ቢስሚላህ በይ» ብላ አጎረሰቻት፣ እታለምም በአቦል ዋጠቻት፣ ላዩ ላይ ቆሎ።

እኔ ዝም ብዬ አየሁ። በቃ ተገለጠልኝ። ሊቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ በውሃ ነው የሚዋጠው፣ ከዛ ግማሽ ሰአት፣ የተሻለው አንድ ሰአት፣ ምንም አይቀመስም፣ ቡና ደግሞ ዋናው ጠላቱ ነው፣ አንጀት ውስጥ ይዞት ነው የሚሄደው። ይሄን ለአክስቴ የነገራት ሰው ማን ነበር? ሀኪሟ «ባዶ ሆዷን ጠዋት» ብላለች። ለአክስቴ ባዶ ሆድ ማለት ቁርስ ሳይበላ ማለት ነው፣ ቡና ቁርስ አይደለም፣ ወሎ ውስጥ ቡናን ምግብ ብሎ የቆጠረ ሰው አላውቅም! ማስረዳት የነበረበት መድሀኒቱን የሰጠው ሰው ነው፣ መድሀኒቱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ጥፋቴ ይቺ ናት። አምስት ወር።

«እማ፣ ከቡናው በፊት ነው እኮ» ስላት ደነገጠች። «ኧረ በውሃ አልውጥም ትላለች፣ በአቦል ነው እንጂ» አለችኝ። ከዛ ትንሽ አሰበችና «ታዲያ ቡናው እስኪደርስ እኛ ምን እንሁን?» አለች፣ ዋናው ጥያቄ እሱ ነው፣ የሰፈሩ ሰው ጠዋት አንድ ሰአት ላይ አቦል ሊጠጣ ይመጣል።

መላውን ያገኘችው የእታለም ወንድም ልጅ ናት። ማታ ረከቦቱ ላይ ሲኒዎቹ ታጥበው ሲደረደሩ አንዱን ትገለብጠዋለች፣ ከስሩ ኪኒኗን ታስቀምጣለች። እታለም ጠዋት ስትነሳ የመጀመሪያ ስራዋ ሲኒ ማየት ነው፣ የተገለበጠውን ታነሳለች፣ ኪኒኗን ታገኛለች፣ በዛው ሲኒ ውሃ ቀድታ ትውጣለች፣ በውሃ አልውጥም ያለችው በሲኒ ሲሆን ጊዜ ዋጠች። ከዛ ሲኒውን አጥባ ትመልሰዋለች። ከሰሉ የሚያያዘው ሲኒው ቀና ካለ በኋላ ነው፣ ቡናው ተቆልቶ ተወቅጦ እስኪፈላ ሰአቱ ይሞላል። መጠኑ ሳያድግ በ75 ቀጠለች።

ሁለት ወር ቆይቶ ቲኤስኤች 9 ሆነ፣ ከዛ 3 ምናምን። ለውጡን ግን ከወረቀት በፊት ነው ያየነው። መጀመሪያ የተመለሰው ሆዷ ነው፣ ከዛ ጋቢውን ጣለች፣ ከዛ እብጠቱ። ድምጿ ዘገየ፣ ወደ ሶስት ወር ፈጀበት። አንድ ቀን አክስቴ ደወለችልኝና ምንም ሳትል ስልኩን ምጣዱ ጋ አስጠጋችው፣ የሚንጣጣ ቡና እና «አሽት! አሽት እንጂ!» የሚል ቀጭን ጩኸት ነው የሰማሁት።

ያን ሰሞን ነው አክስቴ «እንግዲህ ስንት አመት ትኖራለች?» ያለችኝ። እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም። አሁን በደንብ ከተያዙ 60 ይደርሳሉ አልኳት። ዝም አለች፣ ታሰላለች። እታለም 60 ስትሆን እሷ 101 ነው የሚሆናት። አገራችን ላይ የማንኛችንም አማካይ እድሜ 60ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፣ ስለዚህ ልዩነቱ ድሮ እንደሚመስላት አይደለም፣ ከኔ ራሱ ልትቆይ ትችላለች አልኳት፣ በአንድ አመት ነው የምበልጣት። «አንተማ ሲጋራህን ታጨሳለህ» አለችኝ።

ሌላውንም ነገርኳት፣ መደበቅ አልፈለግኩም። ከ40 በኋላ የመርሳት በሽታ ያሰጋቸዋል፣ አልዛይመር የሚያመጣውን ነገር የሚሰራው ጂን እዛው 21ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው ያለው፣ ሶስት ሲሆን ትርፍ ይመረታል፣ 40 ሲሞላቸው የሁሉም ማለት ይቻላል አንጎል ላይ ምልክቱ አለ፣ በሽታው ራሱ ግን ባብዛኛው ከ50 በኋላ ነው የሚታየው። ታይሮይድ ያንን ይመስላል፣ ለዛ ነው መርሳት ጀመረች ስትሉ መጀመሪያ ታይሮይዱን አስለኩ የሚባለው፣ አንደኛው ይድናል ሌላው አይድንም፣ ለቤተሰብ ግን ሁለቱም «ቀዘቀዘች» ናቸው። እና የአይን ሞራ፣ ጆሮ፣ ጥርስ። ጥርሷን አስነቅለናል ሁለት፣ ስንት ጊዜ እንዳመማት ማን ያውቃል፣ አመመኝ አትልም እሷ፣ ምግብ ትተዋለች ብቻ። አሁን ምግብ ስትተው አፏን ከፍተን እናያለን።

አሁን 2018 ነው፣ እታለም 41፣ አክስቴ 82። ዱአዋን አሁንም ታደርጋለች፣ ግን እንደድሮው አትጮህባትም፣ ቃሉን ልሰማው አልቻልኩም፣ አልጠየቅኳትም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፣ ኪኒኗን ሲኒ ስር የምታስቀምጠው ልጅ 12ኛ ክፍል ናት፣ ዘንድሮ ማትሪክ ትወስዳለች፣ ካለፈች የትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሚደርሳት አይታወቅም። የአክስቴ አይን ፎይሉን አያይም፣ ጣቷም አይጫንም። ወንድሟ ሌሊት ነው በባጃጁ የሚወጣው። ስለዚህ ካለፈው ወር ጀምሮ እታለም ራሷ ከፎይሉ እንድታወጣ እያለማመድናት ነው፣ በአንድ ማታ አንዲት፣ ሲኒ ስር።

ባለፈው ሳምንት ልጅቷ ለሶስት ቀን ደሴ አክስቷ ጋ ሄዳ ነበር፣ የመጀመሪያው ፈተና እሱ ነው ማለት ነው። ስትመለስ ደወለችልኝ። ከአስሩ ሰባት መቅረት ነበረበት፣ ስድስት ነው ያለው። ሲኒዎቹ ሁሉ ቀና ብለዋል። አክስቴ በየጠዋቱ ስትውጥ አይቻታለሁ ትላለች፣ አንዳንድ ብቻ። ይሄ መድሀኒት ሰውነት ውስጥ ሳምንት ስለሚቆይ አንዷ ብትበልጥም ብትጎድልም አያሰጋም፣ አልጨነቀኝም። እታለምን ኪኒኗስ የት ሄደች ስንላት ትስቃለች። ረከቦቱን አንስተን፣ ሳሩን ገልብጠን፣ ከሰሉ ስር ሳይቀር ፈልገናል፣ እስካሁን አላገኘናትም።